መጥረቢያና መርዶ

መጥረቢያውን ለምን እንደገዛሁት አትጠይቁኝ። ባለቤቴ ጠይቃኝ መልስ ስላጣሁ ነው እናንተን ቀድሜ የምለምነው። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ደግሞ በእረፍት ሰዓቱ ስልኩን እየጎረጎረ የማያስፈልገውን ይገዛል። በዚያ ላይ እኔ ቁጭ ብሎ መኖር የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ቴሌቪዥን ቆሜ ነው የማየው፣ ምሳዬን እየተንጎራደድኩ ነው የምበላው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ቄሱ ሳይሆኑ እኔ ነኝ ብዙ የምመላለሰው።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬ አንድ ጢማም ሰውዬ አሳየኝ። ሰውዬው በአንድ መጥረቢያ በር ሰበረ፣ ዛፍ ጣለ፣ የታሸገ የምግብ ቆርቆሮ ከፈተ፣ በመጨረሻም እሳት አነደደ። ሦስቱን አድርጌ አላውቅም፤ ቆርቆሮም ቢሆን የምትከፍተው ባለቤቴ ናት። ገዛሁት። ስሙ ታክቲካል መጥረቢያ ነው። ታክቲካል ማለት ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አጥርቼ አላውቅም። እንደተረዳሁት ከሆነ ማንኛውም ዕቃ ጥቁር ተቀብቶ እጀታው ላይ ገመድ ከተጠመጠመበት ታክቲካል ይሆናል። ከፊት ስለት አለው፣ ከጀርባው እንደ ቁራ አፍ የሾለ ብረት፣ መሃሉ ላይ የብሎን መፍቻ ቀዳዳ፣ እጀታው ውስጥ እሳት መጫሪያ። ቀበቶ ላይ የሚታሰር አፎትም አብሮት መጣ።

ባለቤቴ ገልበጥ አድርጋ አየችው። «እዚህ ቤት ያለው እንጨት የወጥ ማማሰያው ብቻ ነው» አለች። «እሱን ልትፈልጠው ነው?»

ሰባተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ከባድ ጥያቄ ነው። የካርቶን ዕቃ ከፈትኩበት። ለፋሲካ የበግ አጥንት ልሰብርበት ስል የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን በፒጃማ መጥታ ደህና መሆናችንን ጠየቀችን። ከዚያ በኋላ መጥረቢያው ቁም ሳጥን ገባ፤ እኔም ሌላ የሚገዛ ነገር መፈለግ ጀመርኩ።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር ሰናይት የደወለችው። ሰናይት የጓደኛዬ የታምራት ሚስት ናት፤ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት። ከታምራት ጋር ደግሞ ክሪስታል ሲቲ ካለ አንድ ሕንፃ ሥር ፓርኪንግ ውስጥ አብረን እንሠራለን፤ ቅዳሜ ግን እሱ አይገባም። እሱ ዝምተኛ ነው፤ እኔ የሁለታችንንም እናገራለሁ።

«ሥራ እንዳትሄድ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እማማ አረፉ።»

እማማ የምትለው የታምራትን እናት ነው። አገር ቤት፣ ፍቼ ነበር የሚኖሩት። ታመሙ ከተባለ ወራት አልፏል፤ ታምራት በደወለ ቁጥር ግን ከዚያ በኩል የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር፦ «ደህና ናት፣ ትንሽ ጉንፋን ብቻ ነው።» ከአገር ቤት የሚመጣ ጉንፋን መቼም አያልቅም፤ የሚያልቀው ሰውየው ነው።

«ታምራት ሰማ?»

«አልሰማም፣ ሻወር ገብቷል። ትናንት ነው ያረፉት፣ ቀብሩ ዛሬ ነው። ሽማግሌው ጋሽ ወርቁ ከሪችመንድ እየመጡ ነው፣ የንስሐ አባቱም ከቅዳሴ በኋላ ነው የሚመቻቸው። ወደ ማታ እዚሁ ቤት እንነግረዋለን። እስከዚያ ከስልክ አርቅልኝ። የአክስቱ ልጅ የእማማን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፋዋለች። እኔ ዋይፋዩን ነቅዬ ተበላሸ ብዬዋለሁ፤ ዳታ ግን አለው።»

«ለምን እኔ ሆንኩ?»

«አንተ ምስጢር ትይዛለህ ብሎ የሚጠረጥርህ ሰው ስለሌለ» አለችና ዘጋችው።

ተናደድኩ፤ ግን እውነቷን ነው። የኔ ሆድ ነገር አይቋጥርም። የባለቤቴን የልደት ስጦታ ከመግዛቴ በፊት ነግሬያታለሁ። አሁን የተሰጠኝ ግን ስጦታ አይደለም። ሰው የእናቱን ሞት መኪና ውስጥ፣ ከስልክ ላይ አንብቦ መስማት የለበትም። ሽማግሌ በወግ ሲናገር፣ ዘመድ ተሰብስቦ በግራና በቀኝ ሲይዘው ነው የሚሰማው። ጓደኛዬ እንዲህ እንዲሰማ እስከ ማታ የሚያቆየው ሰው እኔ ነኝ፤ ካበላሸሁት የሚስተካከልበት መንገድ የለም። ይህን ሳስብ ወጥ ቤቱን ዞርኩት። ባለቤቴ ዕቃ እንዳልሰብር ብላ ከመንገዴ ታነሳ ጀመር።

ስልክ የማይሠራበት ቦታ የት አለ? አንድ ፈረንጅ የሥራ ባልደረባችን ከፍሮንት ሮያል አለፍ ብሎ ሜዳና ጫካ ያለው መሬት አለው። መጥረቢያ መግዛቴን ሳወራ ሰምቶ «ነፋስ የጣለው ዛፍ አለኝ፣ ስትፈልግ ሄደህ ፍለጥ፤ ስልክ ግን አይሠራም» ብሎኝ ነበር። ደወልኩለት፣ ፈቀደልኝ። አለቃዬም ጋ ደወልኩና ዛሬ አልገባም አልኩት። ቅዳሜ ቀርቼ ስለማላውቅ የትኛው ሆስፒታል እንደተኛሁ ጠየቀኝ። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ መጥረቢያውን ታጠቅኩ።

ስለ አታጣጠቁ ጥቂት ልበል፤ ማስታወቂያው ያልነገረኝ ስለሆነ። ወገብ ላይ የታሰረ መጥረቢያ ቆሞ ለሚሄድ ሰው ነው የተሠራው። መኪና ውስጥ ሲቀመጡ እጀታው የጎን አጥንት ይወጋል። ወደ ፊት ቢያዞሩት ሌላ ቦታ ይወጋል። ወደ ኋላ ቢያዞሩት ሹሉ ብረት ወንበሩን ይቀዳል። አውልቀው አያስቀምጡት ነገር፣ አፎቱ እንዴት እንደሚታሰር እንጂ እንዴት እንደሚፈታ አላነበብኩም፤ ስለቱን ራቁቱን መዝዤ ማስቀመጥም ፈራሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ድረስ በአንድ ጎኔ ተቀምጬ ነዳሁ።

ታምራት በር ላይ ወጥቶ አየኝ። «ወገብህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ታክቲካል መጥረቢያ ነው። ና፣ እንጨት ልንፈልጥ ነው።»

«የማንን እንጨት?»

«የሰው።»

«ለማን?»

«ለሰው።»

ወደ ሚስቱ ዞረ። ሰናይት ዓይኗ ቀልቷል። «ሂድ፣ አየር ትቀበላለህ» አለችው። «እኔን አትየኝ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ነው።» እጇ ላይ ቢላዋም ሽንኩርትም አልነበረም።

መኪና ውስጥ እንደገባን ስልኬ ተዘግቷል ብዬ የሱን ስልክ ለጂፒኤስ ተቀበልኩት። ጭኔ ሥር አደረግኩና ተቀመጥኩበት። ምን ዋጋ አለው፣ ስልኩ ይነዝራል። አንዱ መልእክት ሲመጣ ትንሽ፣ ሦስቱ ሲመጡ ብዙ። እያንዳንዱ «እግዚአብሔር ያጽናህ» በጭኔ በኩል እያለፈ መሆኑን አውቄ ላብ አጠመቀኝ። በዚያ በኩል መጥረቢያው ይወጋኛል፣ በዚህ በኩል መርዶው ይነዝረኛል።

«ጂፒኤሱን ቂጥህ ነው የሚያነበው?» አለኝ ታምራት።

«መንገዱን አሁን አስታወስኩት።»

ከዚያ የተዘጋው ስልኬ ጮኸ። የሚጮኸው ኪሴ ውስጥ ሳይሆን በመኪናው ድምፅ ማጉያ ነው፤ የመኪናው ስክሪን ላይም «ሰናይት» የሚል ስም ተጻፈ። ልዘጋው ብዬ ስጫን ከፈትኩት። የሰናይት ድምፅ መኪናውን ሞላው። «እስካሁን አልሰማም አይደል?»

ታምራት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ምኑን ነው ያልሰማሁት?»

ለመመለስ የቀደምኩት እኔ ነኝ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። «የኳሱን ውጤት! ራሴ ልነግረው ነበር!»

«አዎ፣ ኳሱን» አለች ሰናይት።

«አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ኳስ የምትከታተይው?»

«ዛሬ ጀመርኩ» ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲያ ያልተደረገ ጨዋታ ማስረዳት ነበረብኝ። የታምራት ቡድን አሸነፈ አልኩት። ለዓመታት «ይህ ቡድን ቡድን አይደለም» እያልኩ ስጣላው ኖሬ፣ የዛሬ ተከላካዮቹን አሞገስኩለት። ቡድኑ ዘንድሮ ዋንጫ ይበላል አለኝ፤ እሺ አልኩት። የያዝከው መንገድ ረዥሙ ነው አለኝ፤ እሺ አልኩት። በጎን አየት አደረገኝና ወደ መስኮቱ ዞረ።

መንገድ ዳር አንድ ማደያ ስንደርስ ሽንት ቤት እንግባ አለ። ቀድሜው ሱቁ ውስጥ ገባሁ። ካሸሩ ሀበሻ ነው፤ ወጣት። ታምራት አልፎ ወደ ሽንት ቤቱ ሲሄድ በዓይኑ ተከተለውና ወደኔ ጎንበስ አለ።

«ይሄ ታምራት አይደል እንዴ? የእህቴ ጎረቤት እኮ ነው። ጠዋት ፌስቡክ ላይ እናቱ...»

ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። በቀኝ እጄ ደግሞ፣ ጎኔን ስለወጋኝ ብቻ፣ መጥረቢያውን ጨበጥ አድርጌ አስተካከልኩት። ልጁ ጣቴን አላየም። ያየው እጀታውን ነው።

«አንድ ቃል እንዳትተነፍስ» አልኩት በሹክሹክታ።

ሁለት እጁ ወደ ላይ ወጣ። «ብሮ፣ ልጆች አሉኝ።»

«እሱም ልጆች አሉት። ለዚህ ነው ዝም በል የምልህ።»

ልጁ ነጭ ሆነ። ሀበሻ ነጭ ሲሆን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ጥፋቴ የገባኝ ያኔ ነው፤ ብዘገይም ገባኝ። «መርዶ ነው» አልኩት። «አልተነገረውም። ማታ ነው የሚነገረው።»

እጁ ወረደ። «እንደዚያ አትልም እንዴ?» አለና ደረቱን ያዘ። ከፍርሃት ወደ ሐዘን የተሻገረው በአንድ ትንፋሽ ነው። ታምራት ከሽንት ቤት ሲወጣ ልጁ ከካሸር ሳጥኑ ኋላ ዞሮ መጣና ሳይናገር አቀፈው። ጀርባውን መታ መታ አደረገለት። አልለቀቀውም። በመጨረሻ ለቀቀውና ሁለት ውኃ በነፃ ሰጥቶን፣ ፊቱን አዙሮ ሲጋራ መደርደር ጀመረ።

ወጥተን መኪናው ጋ ስንደርስ ታምራት «ይሄ ልጅ ደህና ነው?» አለኝ።

«ብቸኝነት ነው። ገጠር ውስጥ መሥራት ከባድ ነው።»

ከፍሮንት ሮያል እንዳለፍን ጭኔ ሥር ያለው ስልክ ዝም አለ። ሲግናል ጠፋ። እፎይ አልኩ፤ የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚለው ተረት ግን በሲግናል እንደማይሠራ ረስቼ ነው።

ቦታው ጥሩ ሜዳ ነው፤ ዳር ዳሩን ጫካ ከቦታል። ነፋስ የጣለው ዛፍ መሃል ላይ ተጋድሟል፤ ውፍረቱ ከኔ ይበልጣል። መጥረቢያውን ከአፎቱ መዘዝኩና እንደ ጢማሙ ሰውዬ እግሬን ከፍቼ ሰነዘርኩ። ነጠረ። ደግሜ ሰነዘርኩ፣ ደግሞ ነጠረ፤ ክንዴ እስከ ጥርሴ ድረስ ነዘረኝ። ስለቱ ለዛፍ ትንሽ ነው፣ እጀታው ለሁለት እጅ አጭር ነው፣ ሹሉ ብረት ደግሞ ወደ ኋላ ባነሳሁት ቁጥር የራሴን ጃኬት ይይዛል። በር የሚሰብረውን ሰውዬ አስታወስኩ። በሩ ካርቶን ነበር መሰለኝ።

ግን ማቆም አልቻልኩም። ካቆምኩ ማውራት አለብኝ፣ ካወራሁ ያመልጠኛል፤ ከአፍ የወጣ ደግሞ አፋፍ ነው። ስለዚህ ቀጠቀጥኩ። ቅርፊት ብቻ ይበናል። ታምራት ከግንዱ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

«እናቴ ብታይህ» አለ እየሳቀ፣ «ይሄ ልጅ እንጨቱን እየፈለጠው ነው ወይስ እየለመነው ነው? ነበር የምትለው።»

መጥረቢያዬ አየር ላይ ቀረ።

«እሷ እንጨት ስትፈልጥ አይተህ አታውቅም። ሦስት ወንድ ልጆች ቆመን እያየን እኛን አታስነካም ነበር። እግራችሁን ትቆርጡና እኔ ነኝ የማዝላችሁ ትላለች። እስቲ ስልኬን አምጣ፣ ቪዲዮ ላንሳህ። ሲግናል ያለበት ስንደርስ ልላክላት። ጉንፋን ይዟታል፣ ትሳቅ።»

እጁን ዘረጋልኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ባለኝ ኃይል ሁሉ ዛፉን መታሁት። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ መጥረቢያው እንጨት ገባ። ገብቶም አልወጣ አለ። ጎተትኩ። እግሬን ግንዱ ላይ አስደግፌ ጎተትኩ። እጄ ተንሸራተተና በጀርባዬ ጭቃው ውስጥ ዘጭ አልኩ። ታምራት ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ድረስ ሳቀ። በዚያ ዝምተኛ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ሳቅ አይቼ አላውቅም፤ በዚያች ሰዓት ደግሞ እናቱ ተቀብራለች። ይህን ሳስብ አልቻልኩም። ጭቃው ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ።

ሳቁ ቆመ። ትኩር ብሎ አየኝ።

«ቅዳሜ ሥራ ቀርተህ አታውቅም» አለኝ በዝግታ። «ልጅህን ክርስትና ያስነሳህ ቀን እንኳ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ሺፍትህ ላይ ገብተሃል። ዛሬ ግን ቀረህ። ቡድኔን አሞገስክ። ከጠዋት ጀምሮ ያልኩህን ሁሉ እሺ ትለኛለህ። የማላውቀው ልጅ አቅፎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። እናቴ ናት አይደል?»

አፌን ከፈትኩ። የሁለታችንን የምናገር ሰው፣ አንድ ቃል አጣሁ።

«መቼ ነው?»

«ትናንት።»

«ተቀበረች?»

«ዛሬ።»

«ቪዲዮ ልልክላት ነበር እኮ» አለ።

ይጮኻል ብዬ ተነስቼ ሮጥኩና በቀኙ ተቀመጥኩ፣ ክንዱን ያዝኩት። ከዚያ ግራ ጎኑ ባዶ መሆኑን አየሁ። ተነስቼ በግራው ተቀመጥኩ። አሁን ደግሞ ቀኙ ባዶ ሆነ። እንደገና ዞርኩ። ሰው መርዶ ሲነገረው በሁለት በኩል ነው የሚያዘው፤ አንድ ሰው ሁለት ጎን መሆን አይችልም። ስንት ጊዜ እንደዞርኩ አላውቅም። ታምራት አላለቀሰም። አንዲት ጠብታ አልወጣውም። የግንዱን ቅርፊት እየላጠ ሜዳውን ያያል፤ ቢያለቅስ ይሻል ነበር፤ አለማልቀሱ አስፈራኝ።

«ማን ነው ሊነግረኝ የመጣው?» አለ።

«ጋሽ ወርቁ። የንስሐ አባትህም አሉ።»

«ጋሽ ወርቁ? በዚያ ጉልበታቸው ከሪችመንድ?»

«አዎ።»

ተነሳ። ልጁ የሰጠንን ውኃ ከፍቶ ፊቱን ታጠበ። «እንግዲያው እሳቸው ይንገሩኝ። ያን ሁሉ መንገድ የመጡ ሽማግሌ ቀድሜ ሰምቻለሁ ብዬ አላሳፍራቸውም። አንተም እንዳትናገር። ለሰናይትም ቢሆን።»

አንዱን ምስጢር አፍስሼ ሳልጨርስ ሌላ ተሰጠኝ። መጥረቢያውን አንድ ጊዜ ጎተት አድርጌ ነበር፤ ግንዱ አልለቅም ስላለ ትቼው መጣሁ። መኪና ውስጥ ስልኩን ስሰጠው አጥፍቶ ኪሱ ከተተው።

«አውራ» አለኝ። «እንደ ወትሮህ አውራ።»

ከፍሮንት ሮያል እስከ አሌክሳንድሪያ አወራሁ። ስለ አለቃችን፣ ስለ ታች ፎቋ ጎረቤቴ፣ ስለ መጥረቢያው ማስታወቂያ። ምን እንዳልኩ አላውቅም። እሱ መስኮቱን እያየ አልፎ አልፎ «እሺ» ይለኛል።

ሰፈሩ ስንደርስ መኪና ማቆሚያ የለም። የዘመድ መኪና መንገዱን ሞልቶታል። በሩ ላይ ጫማ ተከምሯል። ታምራት ጫማዎቹን አየና ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ የራሱን አውልቆ ዳር ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ። ገባን። ሰው ሁሉ በየግድግዳው ተደርድሮ ቆሟል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

«ምነው፣ በደህና ነው?» አለ ታምራት። ጥሩ አድርጎ አለው። ሰናይት በዓይኗ ጠየቀችኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩላት፣ አልሰማም።

ጋሽ ወርቁ በዱላቸው ተደግፈው ቀረቡት። «ልጄ፣ ቁጭ በል» አሉት። ቁጭ አለ። ሁለት ወንዶች ከግራና ከቀኙ ተጠጉት። «ሰው በዚህ ምድር እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ይሄዳል። አንተ የወለደችህን ደግ አድርገህ ጦረሃል። እናትህ...»

አልጨረሱም። ከታምራት የወጣው ድምፅ ቤቱን አናወጠው። ከተቀመጠበት ተነስቶ ሲወድቅ ሁለቱ ሰዎች ያዙት፣ ሌሎች ሁለት ጨመሩ። «እናቴ!» ይላል፣ «እናቴ!»፤ ጫካ ውስጥ ያልወጣው እንባ ሁሉ እዚያ ወጣ። ሊያስመስል ነበር የገባው። ማስመሰል አልነበረም። እኔም ግድግዳው ላይ ተደግፌ ከሁሉም በላይ ተንሰቀሰቅኩ፤ ሰው መጥረቢያ ያልያዘውን ወገቤን ደግፎ አስቀመጠኝ።

ለቅሶው ትንሽ ረገብ ሲል ጋሽ ወርቁ አጠገቤ መጥተው በዝግታ ተቀመጡ። ጭቃ የያዘውን ሱሪዬን አዩና ምንም አልጠየቁም።

«ተባረክ፣ ደህና አድርገህ አቆየኸው» አሉኝ ጉልበቴን ነካ አድርገው። «አየህ አይደል እንዴት እንደሆነ? ይህን ነገር በሜዳ ላይ፣ ሰው በሌለበት ቢሰማው ኖሮ ማን ይይዘው ነበር?»

«ማንም፣ ጋሼ» አልኳቸው።